የትርፍ ሰዓት ወዳጅ

ረቂቅ በላንጋኖ ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት የአፈር ሳይንስ ተማሪ ነበረች፤ በትርፍ ሰዓቷ ደግሞ ወዳጅ ነበረች። ወዳጅነቷ ለእፎይ ሶፍት ነው። በግቢው ውስጥ የምንም ነገር ወዳጅ ያልሆነ ተማሪ ፈልጉ ብትባሉ ሆስፒታል ከተኛ በቀር አታገኙም። አንዱ የሳሙና፣ አንዱ የጫማ፣ አንዱ የኢንሹራንስ፣ አንዱ የሽሮ ወዳጅ ነው። ዩኒቨርሲቲው ተማሪ መቀለብና ማሳደር ካቆመ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ አልጋውንም ምግቡንም የሚችሉት ኩባንያዎቹ ናቸው። እነሱም ክፉ አይደሉም። የሚፈልጉት ተማሪው ከጓደኛው ጋር ሲጫወት በጨዋታው መሐል እንዲያነሣቸው ብቻ ነው።

ሁለት ተማሪዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ "እንዴት አደርሽ" ይባባላሉ፤ "ደህና፣ እግዜር ይመስገን፣ አንቺስ" ይባባላሉ፤ "ቤተሰብ ሁሉ ደህና" ይባባላሉ፤ ከቤተሰብ ቀጥሎ የሳሙናው ጉዳይ ይነሣል። ኩባንያዎቹ መጀመሪያ ሲመጡ የሰላምታችን ርዝመት አማርሯቸው ነበር ይባላል። በኋላ ስንት ማስታወቂያ ሊይዝ እንደሚችል ሲገባቸው ተማሪው "ጎረቤቱስ፣ ከብቶቹስ" እያለ እንዲያረዝመው ሥልጠና መስጠት ጀመሩ። ከብት በፎቶ ብቻ የሚያውቅ ልጅ የሌላውን ልጅ ከብቶች ደኅንነት ጠይቆ ወደ ክፍል ይገባል።

ስለዚህ አንድ ሰው ፊቱን አለስልሶ ሲጠጋ መጀመሪያ የሚጠየቀው "የማን ነሽ?" ነው። ድሮ አባትን ለማወቅ የሚጠየቅ ነበር። አሁን "የእፎይ ነኝ" ይባላል፤ ጠያቂዋም "እሺ፣ ቀጥዪ" ትላለች፤ ማንም አይቀየምም።

ረቂቅ አንገቷ ሥር፣ ሸሚዟ ላይ፣ ምስር የምታህል ነጭ አዝራር ትሰካለች። አዝራሯ ትሰማለች። ረቂቅ የምታናግረው ሰው ልቡ ሲነካ አረንጓዴ ትሆናለች፤ የማይፈቀድ ነገር ሲነገር ቀይ ሆና ጢጥ ትላለች። የሶፍት ወዳጅ ገበያው እንባ ስለሆነ፣ ረቂቅ ፈተና የወደቀችውን፣ ፍቅረኛዋ የተዋትን፣ ቤት የናፈቃትን ልጅ ከሩቅ በትከሻዋ አቀማመጥ ትለያለች። ጠጋ ትልና "እኔ አለሁልሽ" ብላ አንድ ሶፍት ትመዝዛለች። "አይዞሽ" ማለት አትችልም። "አይዞሽ" የጎህ ብስኩት ንብረት ነው፤ ብስኩቱ ከእፎይ ጋር ረጅም ክርክር አድርጎ ቃሉን ከነ"አይዞህ" እና ከነ"አይዟችሁ" በፍርድ ቤት አስወስኗል። "እኔ አለሁልሽ" እንኳ ከአንድ ኢንሹራንስ የተከራዩት ነው።

የጎህ ብስኩት ወዳጅ ደግሞ የመኝታ ክፍሏ ልጅ ስንዱ ናት። ስንዱ የመተሐራ ልጅ፣ የሒሳብ ተማሪ፣ በሥራዋ የተመሰገነች ናት። እሷ "አይዞሽ" ስትል የሰማ ሰው ምንም ያልሆነው እንኳ ሆዱ ይባባል። ማታ ማታ ሁለቱ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው አንዷ ስትለማመድ ሌላዋ ታርማለች። "ዓይኔን ቶሎ አየሽ፤ መጀመሪያ ወለሉን እይ" ትላለች ስንዱ። "እጄን ስትይዢ አታጥብቂው፤ የሚሸጥ ሰው ነው የሚያጠብቀው።" ረቂቅ የምታውቀውን ሁሉ ከእሷ ነው የተማረችው።

አንድ ነገር ግን አልሆነላትም። ስንዱ አንድም ቀን የእፎይን ሶፍት ነክታ አታውቅም። ጉንፋን ሲይዛት በእጅጌዋ ትጠርጋለች።

"አንዴ ሞክሪው እንጂ፣ ምናለበት?" ትላታለች ረቂቅ።

"ነፃ ነገር አስተያየት ያስከፍላል" ትላለች ስንዱ። "እኔ ደግሞ ያለ ደመወዝ አስተያየት አልሰጥም።"

የእፎይ ትልቁ ሥራ ማለዳ ይባላል። የኩባንያው ሰዎች ስለ ሀገሩ ሰው ልብ ብዙ አጥንተው አንድ ነገር ደርሰውበታል፦ ሰው ገና ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኩቶ፣ የሚያውቃቸው ሰዎች ፊታቸውን አጥቁረው ቆመው ሲያይ የሚደነግጠውን ያህል በምንም አይደነግጥም። መርዶ ነው ብሎ ያስባል። ሰዎቹ ገብተው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ጉሮሮውን ይጠራርጋል፤ "ሰው ነን እንግዲህ" ይላል። ከዚያ ሶፍቱ ይወጣል። መርዶ እንዳልሆነ ሲገባው ሰውዬው ከልቡ "እፎይ" ይላል፤ የሶፍቱ ስም የወጣው ከዚያ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የወደቁ፣ ራሳቸውን የሳቱ ስለነበሩ አቤቱታ በዛና ባለሥልጣኑ ደንብ አወጣ። ፊት ማጥቆር ይቻላል፤ ነጠላ መዘቅዘቅ ግን ለእውነተኛ ሐዘን ብቻ ነው ተባለ። ኩባንያው ደንቡን አከበረ። በአራቱም ጠርዝ ጥለት ያለው ነጠላ አሸመነና ለሠራተኞቹ አደለ፤ ተዘቀዘቀ አልተዘቀዘቀም ማንም ሊለየው አይችልም። ጥቂት ቆይቶም የሚደነግጥ ጠፋ። አሁን ጎህ ሲቀድ በሩ ሲንኳኳ ተማሪው ዓይኑን ሳይገልጥ እጁን ከብርድ ልብሱ ውስጥ አውጥቶ "አምጡት" ይላል።

ጋሽ ጥላዬ የደወሉት ከእራት በኋላ፣ ረቂቅ ከምግብ ቤቱ ስትወጣ ነው። የስንዱ አጎት ናቸው፤ ረቂቅ ለፋሲካ መተሐራ የሄደች ጊዜ በእንግድነት የተቀበሏት እሳቸው ናቸው።

"እንዴት ነሽ ልጄ? ትምህርት እንዴት ነው? እናትሽ ደህና ናት? ሰፈሩ ሁሉ ደህና ነው?"

"ደህና ነን ጋሽ ጥላዬ፣ እርስዎስ? ቤቱስ?" አለችና የሚከተለውን ጠበቀች። ከቤተሰብ በኋላ የሚመጣው አልመጣም። የሰውዬው ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። ረቂቅ የደነገጠችው ያን ጊዜ ነው።

"ደምሴ አረፈ" አሉ። "የስንዱ አባት። እዚያው ጀልባው ላይ እንዳለ፣ መሪውን እንደያዘ። ልብ ነው አሉን።"

የበሰቃ ሐይቅ አውራ ጎዳናውን ከዋጠው ወዲህ አቶ ደምሴ መኪና በጀልባ የሚያሻግሩ ሰው ነበሩ። ረቂቅን ለፋሲካ ሲያሻግሯት ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጥተዋታል። ስለ ዓሣው ምንም አላሉም፤ ከየት እንደተገዛም፣ ምን ያህል እንደሚጣፍጥም። ያ ነገር እስካሁን ይገርማታል።

"እኛ በመጀመሪያው ጀልባ ብንነሣም ቀን ነው የምንደርሰው" አሉ ጋሽ ጥላዬ። "ቀበሌው ሁለት ሰዓት ተኩል ይከፈታል፤ ሳይመዘገብ አይቀበርም፣ ሙቀቱን ታውቂዋለሽ። ከተመዘገበ ደግሞ ድንኳን አከራዩም፣ ሳጥን ሠሪውም ወዲያው ይሰማል። የሚስቴን ወንድም ሞት ማን አረዳን መሰለሽ? ማስታወቂያ ነው። 'ወንድምዎን ላጡበት ሰዓት ነጭ ድንኳን' ብሎ። ሴትዮዋ እንጀራ በእጇ እንደያዘች ነው ያነበበችው።"

"ስልኳን ልደብቅ?"

"ስልኩ ብቻ መሰለሽ? የቁርስ ቤታችሁ ግድግዳ ራሱ በስሟ ይጠራታል።" "ከሰው አፍ ትስማ ልጄ" አሉ። "ብቻሽን አትንገሪያት፣ ትልቅ ሰው ያዢ። ቁጭ ብላ ትስማ። ከግድግዳ አትስማ።"

ረቂቅ እሺ አለች። እሺ ካለች በኋላ ነው ነገሩ የገባት። በዚህ ግቢ ውስጥ ስለ ሞት እያስመሰለች ለመናገር ደመወዝ የሚከፈላት ሰው ብትኖር እሷ ናት፤ እያስመሰለች መሆኗን አጥርታ የምታውቅ ሰው ብትኖር ስንዱ ናት።

ክፍል ስትገባ ስንዱ ጸጉሯን እየጎነጎነች ነበር። "አባባ ዛሬ አልደወለም" አለች። "ኔትወርክ ይሆናል።"

"ይሆናል" አለች ረቂቅና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች።

ሳይነጋ ተነሥታ ወደ ፕሮክተሯ ወደ እትዬ ዘርፌ ሄደች። እትዬ ዘርፌ የሴቶቹን ሕንፃ የሚያስተዳድሩ፣ ጠና ያሉ፣ ልጆቹ የሚፈሯቸውም የሚወዷቸውም ሴት ናቸው፤ በትርፍ ሰዓታቸው የሰፈፍ ፍራሽ ወዳጅ ናቸው። ነገሩን ሲሰሙ ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

"እኔ እውነተኛውን አውቀዋለሁ" አሉ። "አባቴ የሞተ ጊዜ እናቴን ሲያረዷት እዚያው ነበርኩ። ማንም ምንም አልሸጠላትም። ነጠላዬን ላምጣ።"

ረቂቅ ከመውጣቷ በፊት ቦርሳዋን አልጋው ሥር ዘርግፋዋለች። ናሙናው፣ ማሸጊያው፣ ባለ ሽታውና ሽታ የሌለው ሁሉ እዚያው ቀረ። ሥራ ከጀመረች ወዲህ ባዶ ቦርሳ ስትይዝ የመጀመሪያዋ ነው፤ ትከሻዋ ላይ ምንም ስለማይከብዳት የረሳችው ነገር ያለ እየመሰላት አሥር ጊዜ ትዳስሰዋለች። ከዚያ የገዛ ክፍሏን በር ከውጭ አንኳኳች።

የስንዱ እጅ ከብርድ ልብሱ ወጣ። "አምጡት።"

"ተነሺ ስንዱዬ" አለች ረቂቅ። "ቁጭ በይ።"

ስንዱ አንድ ዓይኗን ገለጠች። ረቂቅን አየች፤ እትዬ ዘርፌን አየች፤ ተነሥታ ተቀመጠችና ትራሷን ጭኗ ላይ አድርጋ ተመቻቸች።

"እትዬ ዘርፌንም አስገባችኋቸው? እፎይ በጀት ጨምሯል ማለት ነው። እሺ፣ ቀጥሉ።"

"ስንዱ፣ አባትሽ…"

"ቶሎ ገባሽበት። መጀመሪያ 'ትንሽ አሟቸዋል' ይባላል።"

"ጋሽ ጥላዬ ማታ ደውለው ነበር።"

"ስም መጥራትሽ ጥሩ ነው። ቤተሰቡን አጥንተሻል።"

"ስንዱ፣ የምሬን ነው። አባትሽ አርፈዋል።" እንባዋ መጣ። ረቂቅ በሥራ ላይ አልቅሳ አታውቅም፤ የሶፍት ወዳጅ ራሷ ማልቀስ እንደሌለባት መጀመሪያ የምትማረው ነገር ነው።

ስንዱ ጭንቅላቷን ዘመም አድርጋ አየቻት። "እንባውን ትንሽ ብታቆዪው ጥሩ ነበር" አለች፤ ደግነቷ ከልብ ነበር። "አሁን እኔ እንዳላለቅስ አንቺ ቀደምሽኝ። ሶፍቱን ለማን ልታወጪው ነው?"

እትዬ ዘርፌ ያን ጊዜ ጠጋ አሉ። "ልጄ" አሉ፤ ድምፃቸው ግቢው ውስጥ ተሰምቶ የማያውቅ፣ የሩቅ ዘመን ድምፅ ነበር። "ሰው ነን እንግዲህ። አባትሽ ደግ ሰው ነበሩ አሉ። ሥራቸው ላይ እንዳሉ፣ ሳይጨነቁ፣ ነው የሄዱት። አሁን ሰዎችሽ ሊወስዱሽ መንገድ ላይ ናቸው።" ስንዱ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ፤ ዓይኗ ግን ከሴትዮዋ አፍ አልተነቀለም። ትራሱን ያዝ አደረገችው። እትዬ ዘርፌ ሊያቅፏት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ፤ እጃቸው ፍራሹን ተጫነ።

"ይኼ ፍራሽማ ጎድጉዷል" አሉ። "ሰፈፍ ቢሆን ኖሮ…"

አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ፤ ግን ወጥቷል። አልጋ ላይ ተቀምጠው ሌላ ነገር ከተናገሩ ዘመን አልፏቸዋል፤ ምላሳቸው ከእሳቸው ቀድሞ ሄደ።

ስንዱ ሣቀች። ትራሱ ላይ ተደፍታ ሣቀች። "እፎይ" አለች ደረቷን ይዛ፣ "እፎይ፤ ልትገድሉኝ ነበር እኮ።" የረቂቅ አንገት ሥር አዝራሯ አረንጓዴ ሆነች።

እትዬ ዘርፌ እያለቀሱ ወጡ። ኮሪደሩ ላይ "ምን ሆኜ ነው፣ ምን ሆኜ ነው" ሲሉ ይሰማ ነበር። ስንዱም ሰምታ "ሁለት ኩባንያ በአንድ ማለዳ" አለች። "ይኼ ገና ያልተለመደ ነው። ጥሩ አስባችኋል።"

ውጪው እየነጋ ነው። የቁርስ ቤቱ በር ሲከፈት ተሰማ። ረቂቅ እጇን ወደ አዝራሯ ሰደደች።

"አትፍቺው" አለች ስንዱ። "አዝራር መፍታት የሁለተኛ ዓመት ዘዴ ነው፤ እኔው ነኝ ያስተማርኩሽ።"

"እናቴን ስንዱ፣ እናቴ ትሙት!"

"መሐላ የሳሙናዎቹ ነው፤ ይከሱሻል።"

"ጋሽ ጥላዬ ጋ ልደውልና አነጋግሪያቸው።"

"ያለፈው ሴሚስተር በአክስቴ ድምፅ አስለቅሰው ሽሮ አስገዝተውኛል። ተይ ረቂቅ፣ ለእኔ አታድርጊው፣ አውቀዋለሁ እኮ።"

ረቂቅ የቀራት ነገር አልነበረም። የምታውቀውን ልስላሴ ሁሉ፣ የዓይን አጣጣሉን፣ የእጅ አያያዙን፣ የድምፅ አወራረዱን ስትፈልግ ያገኘችው ሁሉ የተሸጠ ነው። ያቺን ቀን በዓለም ላይ ከማንም ሰው ይበልጥ የምትጸየፈው ራሷን ነበር። ከስንዱ ጎን አልጋው ላይ ተቀመጠችና ዝም አለች።

ስንዱ ጫማዋን አደረገች። ጸጉሯን በሻሽ አሰረች። ረቂቅ ዝም አለች።

"እሺ፣ አውጪው እንግዲህ" አለች ስንዱ። "ቁርስ ይረፍድብናል።"

ረቂቅ ወለሉን ታያለች።

"ረቂቅ፣ አውጪው። ሠርተሽዋል፣ ጥሩ ነው። አውጪው።"

ማለዳ እንዲህ አይቆይም። ሶፍቱ ሳይወጣ ዝምታ ከበዛ ከደመወዝ እንደሚቆረጥ ስንዱ ታውቃለች፤ ዝም የሚል ሰው ተመልካቹን ለሌላ ኩባንያ አሳልፎ ይሰጣል ይባላል። ጥቂት ጠበቀች። ከዚያ እጇን ዘርግታ የረቂቅን ቦርሳ ራሷ ሳበችው። ከፈተችው። ማበጠሪያ ነበር፤ ቁልፍ ነበር። እጇን እስከ ታች አስገብታ ዳሰሰች፤ ቦርሳውን ገልብጣ አራገፈችው።

"ሶፍቱስ?"

"የለም።"

"ማለዳ ያለ ሶፍት አይወጣም" አለች ስንዱ። ድምጿ ቀጥኖ ነበር። "ረስተሽው ነው። ረስተሽው ነው አይደል?"

"አይዞሽ" አለች ረቂቅ።

አዝራሯ ጢጥ አለች።

"አይዞሽ ስንዱዬ።"

ጢጥ።

ስንዱ ይህን ቃል በቀን መቶ ጊዜ ትለዋለች፤ ትርጉሙ ከጠፋባት ቆይቷል። ዋጋውን ግን ታውቃለች። የእፎይ ሠራተኛ ይህን ቃል አንዴ ብትለው እንደሚያስቀጣት፣ ደግማ ብትለው አልጋዋን እንደሚያስነጥቃት ከማንም ይበልጥ የምታውቀው እሷ ናት። የረቂቅን ፊት አየች። ከዚያ አንገቷ ሥር ቀይ የሆነችውን አዝራር አየች።

"አባባን ነው?" አለች።

"አዎ።"

"አባባን?"

"አዎ ስንዱዬ። አይዞሽ።"

ጢጥ።

ጩኸቷ ሕንፃውን ሞላው። በሮች ተከፈቱ፤ ልጆቹ አንገታቸውን አወጡ። "የማን ነው?" አለች አንዷ ከኮሪደሩ ጫፍ፤ "ምን አዲስ ነገር ወጣ?" ረቂቅ በሩን በእግሯ ዘጋችው። ስንዱ ደረቷን ትመታለች። ፊቷን የምትጠርግበት ነገር አጥታ በእጇ፣ በትራሱ፣ በረቂቅ ትከሻ ጠረገች። ቆይቶ ረቂቅ ነጠላዋን ሰጠቻት፤ ስንዱ ልትዘቀዝቀው ገለበጠችው፤ መልሳ ገለበጠችው። ጥለቱ በአራቱም በኩል ስለነበረ መዘቅዘቂያ አልነበረውም። ዝም ብላ ለበሰችው።

ሁለት ሰዓት ተኩል አለፍ እንዳለ የቁርስ ቤቱ ግድግዳ ነጭ ድንኳን አሳየ። ስንዱ ደምሴ ለምትባል ተማሪ ነበር። ተማሪዎቹ ሽሯቸውን እየበሉ አነበቡት። እሷ አልነበረችም፤ ያን ጊዜ ሰምታ ነበር።

ጋሽ ጥላዬ ቀን ሲደርሱ መጀመሪያ የጠየቁት ረቂቅን ነው። "ከሰው አፍ ነው?"

"ከሰው አፍ ነው" አለች ረቂቅ።

አቶ ኪሩቤል የደወለላት ከስንዱ ጋር በሰቃን ሲሻገሩ፣ ጀልባው ላይ ነው። የእፎይ አስተባባሪ ነው፤ ከእሷ በጥቂት ዓመት የሚበልጥ፣ ትሑት፣ ሰው ሲያናግር ስም የማይረሳ ልጅ ነው።

"ረቂቅዬ፣ የዛሬውን ማለዳ ሁላችንም ደግመን ደጋግመን ሰማነው" አላት። "እንዲህ ያለ አረንጓዴ አይተን አናውቅም። ዝምታው! ባዶ ቦርሳው! ማን አሠለጠነሽ?"

"ማንም። አባቷ ሞተው ነው።"

"አዎ፣ እሱን ሰምተናል። እግዚአብሔር ያጽናት።" ትንሽ ዝም አለ፤ የሐዘን ዝምታ የሚፈጀውን ያህል። "ዘዴውን ለሁሉም ግቢ እናወርደዋለን። በውልሽ መሠረት የእኛ ነው። ቃሉ ግን የእኛ አይደለም፤ ሦስት ጊዜ ብለሽዋል። ጎህ ብስኩት ጠበቃ ልኮብናል። አንቺን ማሰናበት ግዴታችን ነው፤ አትቀየሚን።"

ረቂቅ አዝራሯን ከሸሚዟ ነቀለችና ሐይቁ ውስጥ ጣለቻት። እየሰመጠች ጢጥ አለች።

ስንዱ የተመለሰችው ከአርባው በኋላ ነው። ጎህ ብስኩት "በሐዘን የተፈተነች" ብሎ ደረጃዋን ከፍ አድርጎ ጠበቃት። የክፍሏ ልጆችም ሊያጽናኗት መጡ። ሁሉም ቦርሳቸውን ከፍተው ጭናቸው ላይ አድርገዋል፤ ቦርሳዎቹ ባዶ ናቸው፤ ልጆቹ አልጋው ላይ ተደርድረው ወለሉን እያዩ ዝም አሉ። ስንዱ አንድ በአንድ አየቻቸው። ከመሐላቸው በእውነት ያዘነችላት ትኖር ይሆናል፤ ልትለያት ግን አልቻለችም። ወደ መጨረሻው ከእያንዳንዷ ቦርሳ የጎን ኪስ አንዳንድ ሶፍት ወጣ።

ረቂቅ አልጋዋን ተነጥቃ የምታድረው በእትዬ ዘርፌ የፍራሽ መጋዘን ነበር። ሴትዮዋ ከዚያች ማለዳ ወዲህ ሰው ፊት አልጋ ላይ መቀመጥ ትተዋል፤ ቆመው ነው የሚያወሩት። ስንዱ በሩ ላይ ስትደርስ ረቂቅ የፍራሽ ክምር ላይ ተቀምጣ ታነብባለች። በግራ በቀኟ፣ ከኋላዋም እስከ ጣሪያው የእፎይ ካርቶን ተደርድሯል።

ስንዱ በሩን ተደግፋ ቆመች። "የማን ነሽ?" አለች።

"የማንም። ተባርሬያለሁ።"

"ታዲያ ይኼ ሁሉ ሶፍት ምንድነው?"

"የመጨረሻ ደመወዜን በሶፍት ነው የከፈሉኝ።" ረቂቅ መጽሐፉን ዘጋች። "ልጥለው ነበር። በኋላ ግን ስንዱ ትመጣለች፣ ባዶ እጄን ሆኜ ብጠብቃት አታምነኝም ብዬ ተውኩት።"

ስንዱ ሣቋ አመለጣት። መተሐራ ከሄደች ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ሣቁ ግን መንገዱን ሳተ፤ መሐል ላይ ተሰበረና ወደ ሌላ ነገር ዞረ። ገብታ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። የአባቷን ጀልባ ለሌላ ሰው እንደሰጡት፣ ሰውዬው መሪው ላይ የአባቷን ኮፍያ እንዳገኘና ለእሷ እንደመለሰላት ነገረቻት። እየነገረቻት አለቀሰች። ረቂቅ አጠገቧ ሆና ሰማቻት፤ እጇን ጠበቅ አድርጋ ይዛ።

ስንዱ እጅጌዋን ወደ ፊቷ ልታነሣ አለችና ተወችው። ከካርቶኑ አንድ ሶፍት መዘዘች። ዓይኗን ጠረገች፣ አፍንጫዋን ጠረገች፤ ከዚያ አጥፋ በጣቷ ዳሰሰችው።

"እውነትም ለስላሳ ነው" አለች።

የረቂቅ እጅ በልማድ ወደ አንገቷ ሄደ። እዚያ ምንም አልነበረም። የሰማም ማንም አልነበረም።

"አንድ ጨምሪ" አለቻት።